ሰባት ማንኪያ የእንስላል ውሃ

የፍሎሪዳልማ ልጅ በተወለደች በዘጠኝ ቀኗ ጤና ኬላው ሚዛን ላይ ስትንጠለጠል ሁለት ኪሎ ከአምስት መቶ ሰማንያ ግራም መዘነች። ስትወለድ ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ነበረች። ያዋለድኳት እኔ ነኝ፤ እትብቷንም የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ነርሷ ቁጥሩን ጮክ ብላ ስታነብ እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ ያየው እኔን ነው።

ስሜ ሎሬንሳ ነው። የመንደሩ ሰው ግን ትልቁም ትንሹም ናን ሎሬንሳ ይለኛል፤ እኛ ዘንድ ትልቅ ሴትን በስሟ ብቻ መጥራት ነውር ነው። ሠላሳ አራት ዓመት አዋልጃለሁ። በእጄ ከመጡት መካከል ዛሬ ራሳቸው የወለዱ አሉ፣ መንገድ ላይ አይተው እንዳላዩ የሚያልፉኝ ባለጌዎችም አሉ። በሥራዬ የሚቀድመኝ ሰው የለም ብዬ አምን ነበር። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ ግን የነበረው እንዲህ ነው።

ነርሷ ሴኞ አራሴሊ ትባላለች፤ ሴኞ ወይዘሪት እንደማለት ነው። ከከተማ የመጣች፣ ቢበዛ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ገና ያልወለደች። በየወሩ መጀመሪያ አዋላጆቹን ሁሉ ሰብስባ በፕላስቲክ አሻንጉሊት ታስተምረናለች። እኔ ሁልጊዜ ግድግዳውን ተደግፌ እንቅልፌን እወስዳለሁ። ሰባት የወለድኩ ሴት ስለ ጡት ከአሻንጉሊት ምን እማራለሁ?

ያን ሰኞ ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ሕፃኗ ዳማሪስ በሚዛኑ ጨርቅ ውስጥ ዝም ብላለች። የእግሯ ቆዳ ላልቷል። እናቷ ፍሎሪዳልማ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሁለት ተራራ ተሻግራ ወደ መንደራችን ያገባች፣ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት። ባሏ ኤሊሴዮ ሸንኮራ ሊቆርጥ ቆላ ወርዷል፤ ልጁን ገና አላየም። ከአጠገቧ የቆመችው አማቷ ሚካኤላ ናት። ሚካኤላ እኩያዬና ጓደኛዬ ናት፤ ምላሷ ግን እኩያ የለውም።

ሴኞ አራሴሊ ሕፃኗን ገልብጣ፣ ምላሷን አይታ፣ እግሯን ቆንጥጣ ካስለቀሰቻት በኋላ ጠየቀች።

«ከጡት ሌላ የምትሰጧት ነገር አለ?»

ፍሎሪዳልማ በአሉታ ራሷን ነቀነቀች። ሚካኤላ ምንም አለመኖሩን ተናገረች። እኔም ከጡት በቀር ምንም እንደማትቀምስ አረጋገጥኩ። ማናችንም አልዋሸንም። የእንስላል ውሃ እንሰጣታለን፣ ግን እሱ የሚቆጠር ነገር አይደለም። ሕፃን በእናቱ ሆድ ሳለ የዋጠው እድፍ አለ፤ ያንን የሚያጥበው የእንስላል ውሃ ነው። ጠዋት ሰባት ማንኪያ፣ ቀትር ላይ ሰባት፣ ማታ ሰባት። እናቴም አያቴም የሚያዙት ይህንኑ ነበር፣ እኔም ለፍሎሪዳልማ ያዘዝኩት ይህንኑ ነው። ውሃ ደግሞ ምግብ ሆኖ አያውቅም። እንግዳን በውሃ ብቻ የሸኘ ሰው ምንም ሳልሰጠው ሄደ ብሎ ነው የሚያፍረው።

ሴኞ አራሴሊ ሁለት ቀን ሰጠችን። በየሁለት ሰዓቱ ቀስቅሰን እንድናጠባትና ረቡዕ መልሰን እንድናመጣት አዘዘች። ያኔም ካልጨመረች ወደ ከተማ ሆስፒታል ትሄዳለች። የፍሎሪዳልማ ፊት አመድ መሰለ። ከመንደራችን ወደዚያ የወረዱ ሕፃናት አሉ። ልጁ ውስጥ ይተኛል፤ እናቱ ቋንቋው በማይገባት ሰው መሃል ኮሪደር ላይ ትቀመጣለች። ሁለት ሳምንት ቆይተው ሲመለሱ ልጁ ጡጦ ለምዷል፣ የእናቱም ጡት ደርቋል። ከዚያ የቆርቆሮ ወተት ነው። የቆርቆሮ ወተት ደግሞ በኛ መንደር ገበያ በተገዛበት ቅዳሜ ወፍራም፣ እንዳያልቅ ውሃ ሲጨመርበት ሐሙስ ቀጭን ነው። ባለፈው ዓመት ሁለት ሕፃን ቀብረናል።

የቤታቸውን ደጃፍ ስንሻገር ሚካኤላ ጀመረች። ምራቷ በወለደች በአራተኛው ቀን ቀዝቃዛ ውሃ ነክታ ልብስ አጥባለች። ብርዱ በእጇ ገብቶ ወተቱን አቀዝቅዞታል። ያንን ተራራማ አገሯን ማን ያውቀዋል፣ እዚያ ሴቶቹ ፍየል ነው የሚመስሉት፣ ጡት የላቸውም።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለች ወደ ፍሎሪዳልማ ደረት እያየች።

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እኔም ቀዝቃዛ ውሃ መንካቷን ስለሰማሁ ትንሽ ተቆጣኋት። ከዚያ የማውቀውን ለማድረግ ተነሳሁ። ቱኹን፣ ማለት ጓሮ ያለውን የእንፋሎት ቤት፣ ድንጋዩ እስኪቀላ አነደድኩት። የዶሮ መረቅ አስጠጣኋት፣ በላዩ ትኩስ የበቆሎ አጥሚት ጨመርኩላት፤ ከዚያ ተጎንብሰን ገባን። ድንጋዩ ላይ ውሃ ስረጭ እንፋሎቱ ዓይን ያጠፋል። ጀርባዋን በቅጠል ጠበጠብኩ፣ ትከሻዋን አሸሁ፣ ከዚያ እጄን አዙሬ ጡቷን ከሥሩ ወደ ጫፉ ጨመቅ አደረግኩት።

ወተቱ ፊቴ ላይ ነው የረጨው። ሁለተኛው ጭመቃ ደግሞ ድንጋዩ ላይ ወድቆ ትስስ አለ።

«ናን፣ ይሄ ከኔ ነው የወጣው?» አለች ፍሎሪዳልማ።

«ከኔማ አይወጣ» አልኳት። ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ ማልቀስ ጀመረች።

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ወተቱ ካለ ሕፃኗ ለምን ትከሳለች? ከእንፋሎት ቤቱ ወጣሁ። ወጥ ቤት ስደርስ ሚካኤላ ዳማሪስን ጭኗ ላይ አስተኝታ በማንኪያ ውሃ ታጠጣታለች። አጠገቧ ያለው ሲኒ አልነበረም፤ ሰው አጥሚት የሚጠጣበት ትልቁ የብረት ኩባያ ነው፣ ከግማሽ በታች ወርዷል። ስንት እንደሰጠቻት ጠየቅኳት። እንዳለቀሰችው መጠን ነው አለችኝ። የናቷ ጡት ባዶ ሆኖ ልጅ ዝም ብላ ታልቅስ?

ሕፃኗን ተቀብዬ ለናቷ ሰጠኋት። ሦስቴ አራቴ ሳበችና ተኛች። ሆዷን በጣቴ መታ መታ ሳደርገው ጢም ብሏል። እዚያው ቆሜ፣ ግድግዳ ተደግፌ በእንቅልፍ ልቤ የሰማሁት የሴኞ አራሴሊ ድምፅ መጣብኝ። የሕፃን ሆድ ትንሽ ናት፤ ውሃ ከሞላት ለወተት ቦታ የላትም፤ ያልተጠባ ጡት ደግሞ ወተት ማምጣቱን ይተዋል። በየወሩ ትለዋለች። በየወሩ ራሴን ነቅንቄ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፣ በማግስቱ እንስላሌን እለቅማለሁ።

ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ምን ብዬ? የሠላሳ አራት ዓመት ትእዛዜ ስህተት ነበር ልበል? ለዚያውም ለሚካኤላ? በማግስቱ ወፍጮ ቤት ያለ ሴት ሁሉ አይሰማውም? ስለዚህ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ። ጨረቃዋ ሙሉ ናት፣ በሙሉ ጨረቃ የሕፃን ሆድ ውሃ ይይዛል፣ ስለዚህ ጨረቃዋ ሙሉ እስካለች የእንስላሉ ውሃ ይቅር አልኳት። ሚካኤላ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። እኔም ሁሉን ነገር ሰምታ ቢሆን ኖሮ አዋላጅ የምትሆነው እሷ ነበረች ብዬ አፏን አስያዝኳት። በብልሃቴ ተደስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። የአዋቂ አጥፊ የሚሉት እንደኔ ያለውን ነው።

ረቡዕ ጠዋት ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ከአምስት መቶ ስልሳ አለ። ሃያ ግራም ቀንሳለች።

ሴኞ አራሴሊ ከእንግዲህ የምትጠይቀን ነገር አልነበራትም። ወረቀት አውጥታ መጻፍ ጀመረች። ሕፃኗ ዓይኗን ባትገልጥ፣ ስትቆነጠጥም ባታለቅስ ኖሮ ዛሬውኑ እንደምትልካት፣ አሁን ግን አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ስለሆነ ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት እንደሚመጣ ነገረችን። ከመሳፈሯ በፊት አንዴ ትመዝናታለች። እስከዚያ ከደከመች ግን ሌሊትም ቢሆን እንድንጠራት አስጠነቀቀችን። ፍሎሪዳልማ ወረቀቱን ተቀብላ እንዴት እንደምትይዘው ጠፋት፤ አጥፋ የወገቧ መቀነት ውስጥ ከተተችው።

በመንገድ ላይ ፈጥኜ ቀድሜያቸው ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ትልቁ ኩባያ መደርደሪያው ላይ ተደፍቷል። አነሳሁት። እርጥብ ነው፣ እንስላል እንስላል ይሸታል። ሚካኤላ ከኋላዬ ገባች።

«ውሃ ሰጥተሻታል» አልኳት።

«አዎ» አለች፣ መደበቅም አላሰበች። «ጨረቃዋ ሙሉ እስካለች አላልሽም? ትናንት ማታ ወጥቼ አየኋት፤ ጠርዟ ጎድሏል። የቀረባትን ለማካካስ ጨመር አድርጌ ሰጠኋት። ዛሬም ጠዋት ሰጥቻታለሁ።»

ያልኳትን አንዷንም ሳታጓድል ነው የፈጸመችው። በርሜል ላይ ቁጭ አልኩ።

«ሚካኤላ፣ የጨረቃው ነገር ውሸት ነው።»

«ምን አልሽ?»

«ዋሽቼሽ ነው። ሆዷን የሚሞላው ውሃው ነው። ሆዷ ከሞላ አትጠባም፤ ካልተጠባ ደግሞ ወተቱ ይሄዳል። የምራትሽ ጡት ምንም አልሆነም።»

«ውሃውን እኮ ያዘዝሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

«ለሁሉም ሴት ነው የምታዢው።»

«ለሁሉም ነው። ተሳስቻለሁ።»

ሚካኤላ ኩባያውን ከእጄ ወሰደች። ስድብ ስጠብቅ ስድብ አልመጣም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከሰኞ።»

በሩ ላይ ፍሎሪዳልማ ልጇን አቅፋ ቆማለች፤ ሁሉን ሰምታለች። ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ዝቅ ያለ ነው፣ ቃሏ ግን አንዱም አላመለጠኝም።

«ናን፣ ሰኞ ወተቱን አብረን አይተነዋል። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ እማማ ሲሰድቡኝ፣ እርስዎ አንድ ቃል አልተነፈሱም።»

ተነሥቼ ልወጣ ስል ሚካኤላ በክንዷ በሩን ዘጋችው። ወዴት ነው የምትሄጂው አለችኝ። እስከ ነገ ሁለት ሰዓት ድረስ ይህችን ልጅ ማን ነው የሚያግዛት? ቁጭ በይ፣ ግን ፊትሽን ወደዚያ አዙሪልኝ።

ፊቴን አዞርኩ። ሥራው ግን ፊት አይፈልግም። ዳማሪስ ቀትር ላይ ውሃዋን ስታጣ እሪ አለች። የዚህ ዓይነት ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም፤ ሁላችንም ደነገጥን። ፍሎሪዳልማ ጡቷን ስትሰጣት ጥቂት ሳበችና፣ ወተቱ ቶሎ አልወርድ ሲላት ጭንቅላቷን እየወዘወዘች ጮኸች። ሚካኤላ እጇ በራሱ ወደ ኩባያው ሲሄድ አየሁት። ራሷም አየችው መሰለኝ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ጓሮ ወጣች። ትንሽ ቆይቶ እንጨት ሲፈለጥ ሰማሁ። ልጅቷ በጮኸች ቁጥር መጥረቢያው እንጨቱ ላይ ያርፋል።

የልጅቷን አገጭ በጣቴ ደግፌ፣ አፏን በሰፊው አስከፍቼ፣ ደረቷን ከናቷ ደረት አጣብቄ እንደገና አስያዝኳት። ፍሎሪዳልማ ከሕመሙ የተነሳ ጥርሷን ነከሰች። ከዚያ የሕፃኗ ጉሮሮ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አንዴ፣ ቆየት ብሎ አንዴ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ። ስትውጥ ድምፁ ይሰማል። ከጓሮ ያለው መጥረቢያ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ሰዓቱን የቆጠርነው በጡት ነው። ስትተኛ እግሯን በእርጥብ ጨርቅ እየነካሁ እቀሰቅሳታለሁ፤ በጡቷ የቀረውን ጠብታ አልበን በማንኪያ ጫፍ እናቀምሳታለን፤ ፍሎሪዳልማ አጥሚቱን እየጠጣች ዓይኗ እየተከደነ ታጠባለች። ሚካኤላ ትኩሱን ታቀርባለች፣ የረጠበውን ጨርቅ ታወጣለች፣ እኔን አታናግርም። ሌሊቱ እንዲያው አለፈ። ሊነጋጋ ሲል ጨርቁ ላይ ሰናፍጭ የመሰለ ቢጫ ሰገራ፣ ወተት የጠገበች ሕፃን ምልክት፣ አየሁና ሳላስበው ሚካኤላን በክንዷ ጎተትኳት። አየችው፣ እኔንም አየችኝ፣ ክንዷን ግን መልሳ ወሰደች።

አምቡላንሱ ከኛ ቀድሞ ደርሶ ጤና ኬላው ደጅ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ነበር። ፍሎሪዳልማ ልብሷን በጨርቅ ቋጥራ ይዛለች። ሴኞ አራሴሊ ሕፃኗን አራቁታ ሚዛኑ ላይ ሰቀለቻት። ልጅቷ ትወራጫለች፣ የሚዛኑ ጠቋሚ አልቆም አለ። ሴኞ አራሴሊ በጣቷ ሚዛኑን ያዝ አደረገችው፣ አነበበች፣ አላመነችምና አውርዳ እንደገና ሰቀለቻት።

«ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ ሃያ» አለች። «ስልሳ ግራም! በአንድ ቀን! ምን አደረጋችሁ?»

ፍሎሪዳልማ እኔን አላየችኝም፤ ሚካኤላም አላየችኝም። ልትነግሪያት ትችያለሽ፣ ልትተዪውም ትችያለሽ፣ ያንቺ ጉዳይ ነው ማለታቸው ነው።

«ውሃውን ተውን» አልኩ። «የእንስላል ውሃ እንሰጣት ነበር። ያዘዝኩት እኔ ነኝ። አንቺ ስትጠይቂን ያልነገርንሽ ውሃ ነገር ነው ብለን ስላልቆጠርነው ነው።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን እርሳሷን አስቀመጠች።

«ናን፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ ነው የሚያዙት?» ብላ ጠየቀች፣ እንዲያው ለማወቅ።

«ከጀመርኩ ጀምሮ። ሠላሳ አራት ዓመት።»

ጻፈችው። አምቡላንሱን ወደ ሌላ ቀበሌ ሰደደችው፤ እስኪሻላት በየቀኑ እንድናመጣት አዘዘችን፣ ሌላም ብዙ ነገር ተናገረች። ያን ጊዜ ሚካኤላን አየኋት። የሕፃኗን ጨርቅ እያጠፈች ነበር። አጥፋ ትፈታዋለች፣ ደግሞ ታጥፈዋለች፣ ከንፈሯ እንደሚቆጥር ሰው ይንቀሳቀሳል።

ስንመለስ ፍሎሪዳልማ ቀድማ ሄደች። ልጇ በጀርባዋ ታዝላለች፣ እርምጃዋ ቀልሏል። ሚካኤላ ዳገቱ መሃል ላይ ቆመች፤ የደከማት መስሎኝ እኔም ቆምኩ።

«ሮሴንዳዬ ስትሞት አሥራ ስምንት ቀኗ ነበር» አለች።

ሮሴንዳ የሚካኤላ የመጀመሪያ ልጇ ናት። ሥራዬን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው ያዋለድኳት። ስሟ ከተጠራ ስንት ዘመኑ ነው። ስትሞት መንደሩ ሁሉ የሚካኤላ ወተት ቀዝቃዛ ነው፣ ልጅ አያሳድግም አለ። እሷም አመነች። በዓመቱ ኤሊሴዮን ስትወልድ ጡቷን አንድ ቀን አላቀመሰችውም፤ ለእህቷ ሰጥታ በእህቷ ወተት አሳደገችው። የራሷን ጡት በጨርቅ ጥፍር አድርጋ አስራ ስታደርቅ፣ ጨርቁን ከኋላ የቋጠርኩላት እኔ ነኝ።

«ወተትሽ ቀዝቃዛ ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«እንደዚች ነበረች። ዝም ብላ ትተኛ ነበር። ጥሩ ልጅ ናት፣ አታስቸግርም ብለሽኛል።» ጨርቁን ደረቷ ላይ ጨመቀችው። «ውሃዋን አንድ ቀን አላጓደልኩባትም፣ ሎሬንሳ። በሞተችበት ቀን እንኳ ሰጥቻታለሁ።»

ያለ ናን የጠራችኝ ያኔ ነው። ልይዛት እጄን ዘረጋሁ፣ ደግሞ መለስኩት። ይቅር በይኝ ማለት ፈለግኩ፤ ግን ይቅርታ የኔ ሸክም ነው፣ እሷ ላይ ልጭነው አልደፈርኩም። ለሷ የምሰጠው አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ፣ እሱም ቢሆን ሠላሳ ሁለት ዓመት ዘግይቷል።

«ሚካኤላ፣ ወተትሽ ደህና ነበር» አልኳት። «ምንም አልነበረበትም።»

ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።

«ድገሚልኝ» አለች።

ደገምኩላት።